ለስለት የተፈጨው ዱቄት

ባለፈው ወር ጄኔቫ ዳር ባለች አንዲት መንደር በወንዝ ዳር ስሄድ አፍንጫዬ አስቆመኝ። አንድ የድሮ የውሃ ወፍጮ ለጎብኚ ተከፍቶ የትምህርት ቤት ልጆች ተሰልፈው ይገቡበታል። ከበሩ የሚወጣው የትኩስ ዱቄት ሽታ ነው። የሱቅ ዱቄት እኮ ሽታ የለውም፤ ይሄ ግን ድንጋይ ላይ ሞቆ የወጣ፣ ትንሽ ቆሎ ቆሎ የሚል ሽታ ነው። ቀጠሮ ነበረኝ፣ ሰው ይጠብቀኝ ነበር። ቀጠሮዬን ትቼ የግንቡ አጥር ላይ ቁጭ አልኩና ሰው አየኝ አላየኝ ሳልል አለቀስኩ። የሐዘን እንባ እንዳይመስላችሁ። አሥር ዓመት የሞላኝ ዓመት፣ ያ ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት፣ እንዳለ መጥቶብኝ ነው።

ያኔ የምንኖረው ረገንስዶርፍ ነበር፤ እርስ በርሳቸው ከሚመሳሰሉት የኪራይ ፎቆች በአንዱ። እኛ ሁለተኛ ፎቅ፣ እትዬ የሺ አራተኛ። እትዬ የሺ የሥጋ ዘመዳችን አይደሉም። በደርግ ጊዜ ከአዲስ አበባ ወጥተው፣ ኦፕፊኮን አንድ ሆቴል ውስጥ ሃያ ምናምን ዓመት አንሶላ ሲተኩሱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ባል የለም፣ ልጅ የለም። አፋቸው ማንንም አይምርም፤ እጃቸው ግን ባዶውን በራችንን አንኳኩቶ አያውቅም። ቅመማቸውን በሙቀጫ ሲወቅጡ ጊዜ የሕንጻው አስተዳደር፣ ቨርቫልቱንጉ፣ ደብዳቤ ጽፎባቸው ነበር። የተረጎምኩላቸው እኔ ነኝ። ቀትር ላይና ከመሸ በኋላ መውቀጥ ክልክል ነው ይላል አልኳቸው። ደብዳቤውን አጣጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱና፣ እነዚህ ሰዎች ዝም ብለው የሚበሉት ለዚህ ነው ለካ፣ ጣዕም የሌለውን ምግብ፣ አሉ።

በዚያ ዓመት እናቴ ልቧን ታመመች። በልጅነቷ ችላ የተባለ የጉሮሮ ሕመም ልቧ ላይ ወርዶ ኖሯል። ሐኪሞቹ የልቧን በር እንቀይራለን አሉ፤ አባቴም ይሄንኑ ቃል በቃል ነገረኝ። እኔ ደግሞ ማጠፊያና እጀታ ያለው እውነተኛ በር መሰለኝ። ቁልፉን ማን ይይዛል ብዬ ጠየቅኩት። አባቴ ትንሽ አሰበና፣ ዶክተሩ አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ዶክተር ባየሁት ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው ወደ ኪሱ ነበር።

ቀዶ ጥገናው ደህና አለፈ ተባለ። ቁስሉ ግን አመረቀዘ። በአሥር ቀን ትወጣለች የተባለችው ሦስት ሳምንት ሆናት፣ ወር ሆናት። ትኩሳቱ ይተዋታል፣ ደግሞ ይመለስባታል። አባቴ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ወጥ ቤት ይሠራ ስለነበር ከሥራ በቀጥታ ሆስፒታል ይሄዳል። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ስለሌለ እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ፣ እትዬ የሺ ዘንድ።

አንድ እሑድ ሁላችንም ሆስፒታል ሳለን እትዬ የሺ ድንገት ከወንበራቸው ተነሡና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «ኪዳነ ምሕረት፣ ይቺን ልጅ በእግሯ ቤቷ አስገቢልኝ። እኔም በድንጋይ ወፍጮ የተፈጨ መገበሪያ በገዛ እጄ አገባልሻለሁ» አሉ። መገበሪያ ማለት የቁርባኑ ኅብስት የሚጋገርበት ስንዴ ነው። የማኅበራችን ሴቶች የሱቅ ዱቄት ነበር የሚያገቡት፤ ካህኑም አመስግነው ይቀበላሉ። እናቴ ትራሷ ላይ እንዳለች ፈገግ ብላ፣ በስዊስ አገር የድንጋይ ወፍጮ ከየት ያመጣሉ አለቻቸው። እትዬ የሺም፣ እሱን ከመሳሌ በፊት ነበር የምትነግሪኝ ብለው ተቀመጡ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የእኔ ነገር። ስለት የሚገባው የለመኑት ከሆነ በኋላ መሆኑን ማንም አልነገረኝም። እኔ የገባኝ እንደ ሱቅ ነው፤ መጀመሪያ ትሰጫለሽ፣ ከዚያ ትወስጃለሽ። ዱቄቱ ቤተክርስቲያን የገባ ቀን እናቴ ትወጣለች፤ ዱቄቱ ከዘገየ እናቴም ትዘገያለች። ይሄ ከታወቀ ታዲያ ምን ያስቀምጠኛል?

ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት የዙሪክን ካርታ ተውሼ፣ በጀርመንኛ ስሙ ውስጥ ወፍጮ የሚል ቃል ያለበትን መንገድ ሁሉ በእርሳስ ከበብኩ። ብዙ ነበር። እትዬ የሺ መነጽራቸውን አድርገው አዩና፣ ይቺ ልጅ ሚኒስትር ትሆናለች አሉ። መጀመሪያ የሄድነው መሃል ከተማ፣ ወደ ሊማት ወንዝ የሚወርደው የወፍጮ መንገድ ላይ ነው። ከላይ እስከ ታች ወረድነው። የጫማ ሱቅ አለ፣ ቡና ቤት አለ፣ ወፍጮ የለም። ጋዜጣ የምትሸጥ ሴት ነበረች፣ እሷን ጠየቅኩ። ድሮ ድልድዮቹ ላይ፣ ከወንዙ በላይ፣ ወፍጮዎች ተደርድረው ነበር፤ ከፈረሱ ቆይተዋል አለችን። እትዬ የሺ ድልድዩ ላይ ቆመው ውሃውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ይሄን የመሰለ ውሃ ሥራ ፈት አደረጉት እኮ አሉኝ።

ከዚያ ወንዙን ተከትለን ስንወርድ አንድ መስኮት የሌለው ግራጫ ግንብ አለ፤ ባቡር ላይ ሆኜ ሳየው እስር ቤት ይመስለኝ ነበር። ለካ ወፍጮ ኖሯል፣ ያውም ከተማውን የሚቀልብ። በሩ ላይ ያለው ሰው ምን ያህል ስንዴ አላችሁ አለን። ሦስት ኪሎ አልኩት። ሰውየው አልሳቀብንም፣ ራሱን አከክ አከክ አድርጎ፣ እኛ የምንቀበለው በባቡር ፉርጎ ነው አለ። ተርጉሜ ስነግራቸው እትዬ የሺ፣ ንገሪው፣ አባቴ ወፍጮ ቤት አንድ ቁና የያዘችም ወረፋዋን ታገኝ ነበር በይው አሉኝ። አላልኩትም፣ ፈራሁ።

የአባታቸውን ወፍጮ ቤት ነገር ያኔ ነው በደንብ የሰማሁት። ኮልፌ ነበር፣ በናፍጣ የሚሠራ። ወንድም ስላልነበራቸው፣ አባታቸው ሞተሩን አጥፍተው ድንጋዩን ሲወቅሩ አጠገባቸው ተቀምጠው አብረው የሚወቅሩት እሳቸው ነበሩ። ድንጋይ እየፈጨ ይለሰልሳል፤ በመውቀሪያ ካልሻከረ እህሉን ያሸዋል እንጂ አይፈጨውም። ይሄን ሁሉ ኤስባን፣ የከተማው ባቡር ውስጥ፣ በአማርኛ ጮክ ብለው ሲያስረዱኝ ሰው ዞሮ ያየናል፤ እሳቸው ግድ አልነበራቸውም።

ሌላ ቀን ደግሞ አንዲት የማኅበር ጓደኛቸው፣ ዋሊሰለን የነፋስ ወፍጮ አይቻለሁ ብላ ነግራቸው ሄድን። እውነትም ነበረ። የሰው ጓሮ ውስጥ፣ ከጉልበቴ የማይበልጥ፣ ቀይና ነጭ የተቀባ፣ አጠገቡ ደግሞ ባለ ኮፍያ የሸክላ ድንክ ቆሟል። እኔ ላለቅስ ትንሽ ሲቀረኝ እትዬ የሺ አጥሩን ተደግፈው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ይሄማ ለጉንዳን ነው የሚፈጨው አሉ። እኔ በልቤ፣ እናቴ እዚያ ተኝታ ምን ያስቃቸዋል እያልኩ ተቀየምኳቸው፤ እስከ ቤት ድረስ አላናገርኳቸውም።

ጄኔቫም ሄደናል። ከከተማው ወጣ ብሎ ጅረት ላይ የሚዞር ወፍጮ አለ ተብለን፣ ከማዘጋጃ ቤቱ በርካሽ የሚሸጠውን የቀን የባቡር ቲኬት ወስደን፣ እንቁላል ቀቅለን፣ ሦስት ኪሎዋን ስንዴ ተሸክመን ሦስት ሰዓት ያህል በባቡር። መዘውሩ እውነትም ይዞራል። ውሃው ከላይ እየወረደ ሲመታው ድምፁ ደስ ይላል። ቤቱ ግን መኖሪያ ሆኗል፤ ድንጋዩ በረንዳ ላይ የሻይ ጠረጴዛ ተደርጓል። ፈረንሳይኛ ከጀመርኩ ገና ሁለት ወር ነበርና ከሰላምታ በላይ አልነበረኝም፤ እንደምንም በእጅ አስረዳሁ። የቤቱ እመቤት በጣም አዘነችልን፣ ከጓሮዋ ፖም ለቅማ በከረጢት ሞላችልን። መዘውሩ የሚዞረው ለማማር ነው። እትዬ የሺ የሻይ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉና፣ ጥሩ ድንጋይ ነበር፣ ነፍስ ይማር አሉ። ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ሐይቁን አላየሁም። የማየው የእናቴን ትኩሳት ነው፤ ዛሬም አልሆነም፣ ዛሬም አትወጣም እያልኩ።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባል የለ? የከበብኩበትን ካርታ አስተማሪዬ አየችብኝና ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስነግራት፣ እንዴ፣ እዚሁ ሸለቆው ውስጥ፣ ከረገንስዶርፍ ትንሽ አለፍ ብሎ ያለችው መንደር ውስጥ አለ እኮ፣ የሚፈጭ አለችኝ። ከቤታችን በአውቶቡስ ሩብ ሰዓት አይሞላም። ጄኔቫ ድረስ የሄድን ሰዎች!

ወፍጮውን የሚጠብቁት ጡረታ የወጡ፣ ሄር ኬለር የሚባሉ ረጅም ሽማግሌ ነበሩ። በመንደሩ ማኅበር በነጻ የሚያገለግሉ ናቸው። የድሮውን ታሪክ ግማሽ ሰዓት ነገሩን፤ እኔ ሩቡን ተረጎምኩ። ከዚያ የቦዩን በር ከፈቱና መዘውሩ ተንቀሳቀሰ። ቤቱ በሙሉ ይንቀጠቀጣል፣ ወለሉ እግሬን ይኮረኩረኛል። ለማሳያ ትንሽ ስንዴ ለቀቁበት። እትዬ የሺ የወጣውን ዱቄት በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሃል አሸት አሸት አድርገው፣ አሸተቱ፣ ወደ እኔም ዞሩ። «ድንጋዩ ደክሟል በያቸው። መወቀር አለበት።»

እንደምንም ብዬ ተረጎምኩት። ሄር ኬለር አተኩረው አዩዋቸው፤ የተቆጡ መስሎኝ ነበር። ወደ ጓዳ ገብተው አንድ የእንጨት ሣጥን ይዘው ወጡ። ውስጡ በሁለት በኩል ስለት ያላቸው መዶሻዎች አሉ። ድንጋይ መውቀር የሚያውቀው የመጨረሻው ሰው ከሞተ በኋላ የነካቸው የለም፣ ማኅበሩ ውስጥ ሁሉም ፈርቷል አሉን። እትዬ የሺ ካፖርታቸውን አውልቀው ሰጡኝ።

ሁለት ረቡዕ ፈጀ። ሄር ኬለር የላዩን ድንጋይ በእንጨት ማንሻው አንሥተው ገለበጡት። እትዬ የሺ ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ የድሮዎቹ ሰዎች የተዉትን መስመር እየተከተሉ፣ ቀጭ ቀጭ፣ ቀጭ ቀጭ። ትንሽ ቆይተው ለሄር ኬለር አንዱን መዶሻ አቀበሏቸውና እጃቸውን ይዘው አሳዩአቸው። አንድ ቃል የጋራ ቋንቋ የላቸውም። ሲያጠፉ እትዬ የሺ እጃቸውን ቸብ ያደርጓቸዋል፤ እሳቸው እንደ ተማሪ ይቅርታ ይጠይቃሉ። የእኔ ሥራ አቧራውን በብሩሽ መጥረግ ነበር። እዚህ ደብዳቤ የሚጽፍብኝ የለም አሉ እትዬ የሺ፣ በጣም ደስ ብሏቸው።

ድንጋዩ ሲያልቅ በሚቀጥለው ረቡዕ ሦስት ኪሏችን እንዲፈጭ ተስማማን። ወንዙ ሳይጎድልና ብርዱ ቦዩን ሳይዘው መድረስ ነበረበት፤ ከዚያ በኋላ ወፍጮው እስከ ጸደይ ይዘጋል። ማክሰኞ ማታ ስንዴውን ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግተን ለቀምን፣ አንድ በአንድ፣ ጥቁሯን ፍሬ፣ እንክርዳዷን፣ የተሰበረችውን። እየለቀምኩ፣ ብትሞትስ ማለት አልቻልኩም፤ ካልዳነችስ ብዬ ጠየቅኩ። እትዬ የሺ ቀና እንኳ አላሉም። «ካልዳነች ብዬ ስንዴ አልለቅምም» አሉ። «ልቀሚ።»

ከዚያ ሕጉን ነገሩኝ። መገበሪያ የሚነካ ሰው ይታጠባል፣ ይጾማል፣ ክፉ አይናገርም። የወፍጮው ዱቄት የሚወድቅበት ሣጥን ዝቅ ያለ ነው፤ የእሳቸው ጉልበት እምቢ ስላለ ተንበርክኬ የምቀበለው እኔ ነኝ። ደግሞም የልጅ እጅ ንጹሕ ነው አሉ። ቀኑ ረቡዕ፣ የጾም ቀን ነው፤ አንቺ ልጅ ነሽ፣ ወተትና ቅቤ ብቻ አትንኪ፣ ይበቃል አሉኝ። እኔ ምንም ሳልቀምስ እውላለሁ ብዬ ማልኩ።

ረቡዕ ጠዋት በዕረፍት ሰዓት፣ የክፍል ጓደኛዬ ኖኤሚ ልደቷ ነበርና እናቷ ኬክ ልካለች። የቸኮሌት ነው፣ ከላዩ ክሬም ተከምሮበታል። አልበላም ማለት እችል ነበር። እናቴ ከታመመች ወዲህ ግን ክፍሉ በሙሉ እኔን ሲያይ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር፤ በዚያች ደቂቃ ኖኤሚ እንደ ማንኛውም ልጅ ሳህን ይዛ ስትመጣልኝ እኔም እንደ ማንኛውም ልጅ ተቀበልኩ። በላሁ። እውነቱን ልናገር፣ ሁለተኛውን ቁራጭ ራሴ ነኝ የጠየቅኩት። ጣቴን ልሼ ስጨርስ ነው ረቡዕ መሆኑ ትዝ ያለኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አፌን ሦስት ጊዜ በሳሙና አጠብኩ።

ከሰዓት በኋላ ስንዴው ተፈጨ። እንዴት ያለ ፍጭት ነበር! የተወቀረው ድንጋይ ድምፁ ራሱ ተለውጧል፣ ያንገራግር የነበረው አሁን ያጉረመርማል። ሄር ኬለር ማንም ሳይነግራቸው ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። እትዬ የሺ ዓይናቸውን ጨፍነው አባታችን ሆይ ይላሉ። እኔ ተንበርክኬ እጄን ዘረጋሁ፤ ዱቄቱ ልም፣ እንደ ሰው ገላ ሞቅ ያለ፣ መዳፌ ላይ ይወርዳል። ልናገር አፌን ከፈትኩ፣ ዱቄት ገባበት፣ ዘጋሁት። እትዬ የሺ ዱቄቱን በነጭ ጨርቅ ቋጥረው ግንባሬን ሳሙኝ።

በዚያው ዕለት ማታ አባቴ ሲመጣ ፊቱ ልክ አልነበረም። የእናቴ ትኩሳት ብሶ ወደ ልዩ ክትትል ክፍል መልሰዋታል። የሚቀርብላትንም ምግብ ከነክዳኑ ትመልሳለች፣ ምንም አልቀምስ ብላለች አለ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት ቀናት ለማንም አልመኝም። እኔ ነኝ ያደረግኩት። ዱቄቱን አርክሼዋለሁ፤ ኪዳነ ምሕረት አይታኛለች። መብላት አቆምኩ። አባቴ የሰጠኝን በመስኮት ለወፍ እጥላለሁ። ቅዳሜ ዕለት እትዬ የሺ ቤት ሳለሁ ሾርባ አቀረቡልኝ፣ አልነካሁትም። ማንኪያውን ከእጄ ወስደው አስቀመጡት። ምን ሆነሻል አሉኝ። የተቋጠረው ዱቄት መደርደሪያው ላይ ያየኛል። ሁሉንም ዘረገፍኩት፦ ኬኩን፣ ሁለተኛውን ቁራጭ፣ ሳሙናውን፣ እናቴን የገደልኳት እኔ መሆኔን።

አሁን ሊያባርሩኝ ነው አልኩ።

«ኬኩ ይጣፍጥ ነበር?» አሉኝ።

አዎ አልኳቸው፣ መዋሸት አልቻልኩም።

«እሱስ ደግ። ስሚኝ ልጄ። ልጅ ኬክ በላች ብሎ እናቷን የሚይዝ አምላክ እኔ አላውቅም። አንቺ ካወቅሽው አስተዋውቂኝ።»

ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡኝ፤ አሥር ዓመቴ ነበር፣ ረጅምም ነበርኩ፣ እግሬ መሬት ይነካል። ስለት የሚገባው እናቴ ከዳነች በኋላ መሆኑን ያን ጊዜ ነገሩኝ። ታዲያ ለምን አሁን ፈጨን አልኳቸው። በረዶው ሳይዘጋን ነዋ፣ ደግሞ እናትሽ የወጣች ቀን ኪዳነ ምሕረትን ላስጠብቃት ነው? አሉኝ። ያ ሁሉ ወር፣ የጄኔቫው ባቡር፣ የዋሊሰለኑ ድንክ፣ እኔ እናቴን ለማስለቀቅ ስሮጥ እሳቸው ለምስጋናው ነበር የሚሮጡት። ለቅሶዬ ብሶበት አላባራ አለ።

ከዚያ ተነሡና ቋጠሮውን ከመደርደሪያው አወረዱ። ለመገበሪያ አይሆንም፣ ሕግ ሕግ ነው አሉ። ሊጥሉት ነው ብዬ ስጠብቅ ድስት ጣዱ። ዱቄቱን ለስለስ ያለ ገንፎ አገነፉት፣ ጨው ሐኪም ስለከለከላት ተዉት፣ መሃሉን ጎድጎድ አድርገው ቅቤ አፈሰሱበት። እኔ አፌን ከፍቼ አያለሁ፤ የኪዳነ ምሕረት ዱቄት እኮ ነው! «ኪዳነ ምሕረት አይርባትም» አሉ፣ እያማሰሉ። «የራባት እናትሽ ናት።»

በፎጣ ጠቅልለን ሆስፒታል ወሰድነው። ነርሷ ምንድን ነው አለች፣ ገንፎ አልኳት፣ አሸተተችና አሳለፈችን። እናቴ ፊቷ ገርጥቶ ከትራሱ አይለይም ነበር። እትዬ የሺ በማንኪያ ጫፍ ቅቤውን አስነክተው ወደ አፏ አስጠጉ። አንገቷን አዞረች። እሳቸው እጃቸውን ሳያወርዱ ጠበቁ። ሽታው ነው መሰለኝ፣ ያ የድንጋይ ሽታ፣ ቀስ ብላ ተመለሰችና ጎረሰች። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። ስድስት ማንኪያ ቆጠርኩ። ገንፎው አዳናት አልልም፤ መድኃኒቱም ሐኪሙም ነው። ግን መብላት የጀመረችው ያን ቀን ነው፣ በሳምንቱም ትኩሳቱ ለቀቃትና አልተመለሰም። ከፈረንጆች ገና በፊት ቤቷ ገባች። በእግሯ ነው የተሳልኩት ብለው እትዬ የሺ ሊፍት ከለከሏት፤ ሁለት ፎቅ በደረጃ፣ በየእርከኑ እያረፈች፣ ወጣች።

በጸደይ፣ ወፍጮው ሲከፈት፣ አዲስ ስንዴ ለቅመን ሦስታችንም ሄድን። በዚህኛው ረቡዕ ውሃ እንኳ አልቀመስኩም። ሄር ኬለር እናቴን ጨበጧትና፣ ያ ከበረዶው በፊት የተፈጨው ዱቄት ለቤተክርስቲያን እንዴት ሆነ ብለው በጀርመንኛ ጠየቋት። እናቴ ወደ እትዬ የሺ ዞረች።

«ቀድሞ ተፈጭቶ ነበር እንዴ? የት ሄደ?»

«ተበላ» አሉ እትዬ የሺ።

«ማን በላው?»

«አንቺ።»

እናቴ እጇን ደረቷ ላይ፣ ጠባሳው ላይ አደረገች። ስለት መብላት ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ስለት አስበሉኝ? አለች። እትዬ የሺ ለአንድ አፍታ እኔን አዩኝ። እኔ ሣጥኑን ይዤ ቆሜያለሁ።

«እኔ ነኝ ያበሰልኩት» አሉ። «ስትራቢ ሳይ አላስቻለኝም። የተሳልኩት አንቺ እንድትነሺ አይደለም? ተነሣሽ። በይ አሁን ስንዴውን ጨምሪ።»

ሌላ ቃል አልተናገሩም። ስለቱ በሚቀጥለው ሰንበት ገባ፣ ካህኑም ተቀበሉ። እናቴ ግን አልረሳችውም። ዛሬም፣ እትዬ የሺ ሰማንያቸውን አልፈው ዱላ ይዘው ለበዓል ቤታችን ሲመጡ፣ እንግዳ ሲኖር ታወራዋለች፤ እትዬ ስለት አብልተውኛል፣ ትዕግሥት አጥተው የማርያምን ዱቄት ገንፎ አድርገውታል እያለች። ሴቶቹ ይስቃሉ፣ አንዳንዷም በልቧ ትታዘባቸዋለች። እትዬ የሺ ጥርሳቸው የማይችለውን ዳቦ እያላመጡ ዝም ብለው ይሰማሉ። አንድም ቀን ወደ እኔ አላዩም።

እማዬ፣ ሕግ ያፈረሱት እሳቸው አይደሉም። ሁለት ቁራጭ ኬክ ነው፣ የበላሁትም እኔ ነኝ።